የኦንላይን አሻራና የተማሪ ውጤት፦ የማሽን ለርኒንግ ትንበያ በምን ሊመዘን ይገባል?

አጠቃሎ

ተማሪዎች በኦንላይን የመማሪያ ሥርዓቶች ላይ የሚተዉትን የአጠቃቀም መዝገብ መነሻ በማድረግ የትምህርት ውጤታቸውን አስቀድሞ ለመተንበይ የሚሞክሩ ጥናቶች ተበራክተዋል። አብዛኞቹ ጥናቶች የሚያበስሩት የትክክለኛነት መቶኛን ነው። ይህ ጽሑፍ የብሪታኒያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለተመራማሪዎች ክፍት ያደረገውን የዳታ ስብስብና በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ላይ የዋለውን «ኮርስ ሲግናልስ» የተሰኘ ሥርዓት በምሳሌነት በመውሰድ፣ ይህ መቶኛ ለብቻው ሲቆም ምን ያህል አሳሳች ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ የአንድ ትንበያ ዋጋ የሚወሰነው ትንበያው በተሰጠበት ጊዜ፣ በተፈተነባቸው ተማሪዎችና ትንበያውን ተከትሎ በሚመጣው ድጋፍ ነው የሚል ነው። በመጨረሻም በዚህ ርዕስ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ ተማሪዎች የሚጠቅሙ የመመዘኛ ጥያቄዎች ቀርበዋል።

1. መግቢያ

አንድ ተማሪ ወደ ኮርሱ ገጽ ሲገባ፣ የንባብ ጽሑፍ ሲከፍት፣ ቪዲዮ ሲመለከት፣ በውይይት መድረክ ላይ ሲጽፍ ወይም የቤት ሥራ ሲያስገባ እያንዳንዱ ድርጊት ከነጊዜው ይመዘገባል። ሙድልን የመሳሰሉ የመማሪያ ማስተዳደሪያ ሥርዓቶች ይህን መዝገብ የሚይዙት ተማሪውም ሆነ መምህሩ ሳይጠይቃቸው ነው። መዝገቡ ለተመራማሪ ማራኪ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። መጠይቅ መበተንን አይጠይቅም፤ ተማሪው ስለ ራሱ የሚናገረውን ሳይሆን ያደረገውን ያሳያል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፈተና በፊት ይገኛል። መምህሩ አንድ ተማሪ እየተቸገረ መሆኑን የሚረዳው ብዙውን ጊዜ የአጋማሽ ፈተና ሲታረም በመሆኑ፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድሞ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ኮርሱን በማለፍና በመውደቅ መካከል ያለውን ልዩነት ሊፈጥር ይችላል።

ይሁን እንጂ ትንበያ ሁለት ስለት አለው። «የመውደቅ ሥጋት ያለበት» ተብሎ በስሕተት የተፈረጀ ተማሪ ያልተገባ ጥርጣሬ ይወድቅበታል፤ ሳይለይ የቀረ ተማሪ ደግሞ ሊደርሰው ይገባ የነበረውን እርዳታ ያጣል። ስለዚህ ሞዴሉ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሳሳት፣ በማን ላይ እንደሚሳሳትና መቼ እንደሚሳሳት መመርመር የጥናቱ ዋና አካል እንጂ ተጨማሪ ጌጥ ሊሆን አይችልም።

2. የትንበያው አሠራር በአጭሩ

በዚህ ዘርፍ የተለመደው አካሄድ ቀደም ባሉ ዓመታት የተማሩ ተማሪዎችን መዝገብ ከታወቀ ውጤታቸው ጋር አዛምዶ ለሞዴሉ ማቅረብ ነው። ከጥሬ መዝገቡ የሚወጡት ተለዋዋጮች በአብዛኛው የሚከተሉትን ይመስላሉ፦ በሳምንት የተደረጉ ክሊኮች ብዛት፣ ተማሪው በሥርዓቱ ላይ የታየባቸው ቀናት ቁጥር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከገባ ወዲህ ያለፈው ጊዜ፣ የከፈታቸው ቁሳቁሶች ዓይነት፣ የቤት ሥራውን ከማስረከቢያ ቀን ምን ያህል ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንዳስገባና እስካሁን ያገኛቸው የተከታታይ ምዘና ውጤቶች። ሞዴሉ በእነዚህ ተለዋዋጮችና በመጨረሻው ውጤት መካከል ያለውን ዝምድና ይማራል፤ ከዚያም ውጤታቸው ገና ያልታወቀ አዳዲስ ተማሪዎችን ይመድባል።

ለዚህ ሥራ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን፣ የውሳኔ ዛፍ፣ ራንደም ፎረስትና ኒውራል ኔትወርክ በስፋት ያገለግላሉ። ጀማሪ ተመራማሪዎች አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያፈስሱት ከእነዚህ አንዱን ከሌላው በማወዳደር ላይ ነው። ነገር ግን ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ ውጤቱን ከአልጎሪዝሙ ምርጫ ይበልጥ የሚወስኑት ዳታው የተከፈለበት መንገድና ትንበያው የተሰጠበት ጊዜ ናቸው።

3. የኦፕን ዩኒቨርሲቲ የዳታ ስብስብ

ኩዝሊክ፣ ህሎስታና ዝድራሃል እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት የኦፕን ዩኒቨርሲቲ የዳታ ስብስብ በዘርፉ በስፋት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ስብስቡ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ከተሰጡ ሰባት ኮርሶች የተወሰደ ሲሆን፣ ኮርሶቹ በየካቲት ወይም በጥቅምት እየተከፈቱ በጠቅላላው 22 ጊዜ ተሰጥተዋል። በስብስቡ 32,593 የተማሪ ምዝገባዎችና ከ10 ሚሊዮን 600 ሺህ በላይ የክሊክ መዝገቦች ይገኛሉ። የእያንዳንዱ ተማሪ ክሊክ በየቁሳቁሱና በየቀኑ ተደምሮ የተቀመጠ ሲሆን፣ ቀኑ የሚቆጠረው ኮርሱ ከተጀመረበት ዕለት አንጻር ነው።

የምዝገባዎቹ የመጨረሻ ውጤት እንደሚከተለው ይከፋፈላል። 3,024 በከፍተኛ ማዕረግ አልፈዋል፤ 12,361 አልፈዋል፤ 7,052 ወድቀዋል፤ 10,156 ደግሞ ኮርሱን አቋርጠዋል። በሌላ አነጋገር ከመዝጋቢዎቹ መካከል ኮርሱን ያለፉት 47.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህ ስርጭት በርቀት ትምህርት ውስጥ ማቋረጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል። በተመሳሳይ ጊዜም በዚህ ዳታ የሚሠራ ተመራማሪ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሦስት ወጥመዶችን ይዟል።

4. ሦስት ወጥመዶች

4.1. ያለፈውን መተንበይ

ብዙ ጥናቶች ውጤቱን «ያለፈ» እና «ያላለፈ» በሚሉ ሁለት ምድቦች ይከፍላሉ፤ ከዚያም የሙሉውን የትምህርት ጊዜ ክሊኮች ለሞዴሉ ያቀርባሉ። በዚህ አከፋፈል «ያላለፉ» የሚባሉት 17,208 ምዝገባዎች ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ 59 በመቶ የሚሆኑት ያቋረጡ ናቸው። ያቋረጠ ተማሪ ደግሞ ወደ ሥርዓቱ መግባቱን ያቆማል። ስለዚህ በአሥረኛው ሳምንት ያቋረጠ ተማሪ በሃያኛው ሳምንት ያለው የክሊክ ቁጥር ዜሮ ነው። ሞዴሉ ይህን ዜሮ ተመልክቶ «ይህ ተማሪ አያልፍም» ቢል እውነቱን ነው፤ ሆኖም የተናገረው ትንቢት ሳይሆን ዜና ነው። ከሄደ ሰው ኋላ በሩ እንደተዘጋ ማወቅ ለማንም አይረዳም።

መፍትሔው ትንበያው የሚሰጥበትን ቀን አስቀድሞ መወሰን ነው። ለምሳሌ ትንበያው በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ለሞዴሉ የሚቀርቡት እስከዚያ ቀን ድረስ የተመዘገቡ ክሊኮችና ምዘናዎች ብቻ መሆን አለባቸው፤ ከዚያ ቀን በፊት ያቋረጡ ተማሪዎችም ከትንበያው ሊወጡ ይገባል። በዚህ መልክ የሚገኘው የትክክለኛነት መቶኛ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። ዝቅ ያለው ቁጥር ግን መምህሩ ገና እርምጃ መውሰድ በሚችልበት ሰዓት ስለሚያውቀው ነገር ይናገራልና ይበልጥ ይጠቅማል።

4.2. አንድ ተማሪ በሁለቱም ወገን

ሁለተኛው ወጥመድ ዳታውን ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ ከመክፈል ጋር የተያያዘ ነው። ከላይ የተጠቀሱት 32,593 መዝገቦች የምዝገባ ቁጥር እንጂ የሰው ቁጥር አይደሉም፤ የተለያዩት ተማሪዎች 28,785 ናቸው። አንዳንዱ ተማሪ ከአንድ በላይ ኮርስ ወስዷል፤ አንዳንዱም የወደቀበትን ኮርስ ደግሞታል። መዝገቦቹ በዘፈቀደ ከተከፈሉ አንዱ ተማሪ በማሠልጠኛውም በመፈተኛውም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ያን ጊዜ ሞዴሉ የሚፈተነው በማያውቃቸው ሰዎች ላይ ሳይሆን በከፊል በሚያውቃቸው ላይ ይሆናል።

ክፍፍሉ በተማሪ መለያ ቁጥር መሠረት ሲደረግ ይህ ችግር ይወገዳል። ከዚህም የተሻለው በጊዜ መክፈል ነው፤ ይኸውም በ2013 ምዝገባዎች ሠልጥኖ በ2014 ምዝገባዎች መፈተን ማለት ሲሆን፣ ቀደም ሲል በማሠልጠኛው የታዩ ተማሪዎችን ከመፈተኛው ማውጣት ይጨመርበታል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ሞዴሉን በእውነተኛ ሥራ ላይ ቢያውለው የሚገጥመው ሁኔታ ይህ ነው፤ ያለፈው ዓመት ይታወቃል፤ የዘንድሮው ገና ነው።

4.3. ኮርስ ሁሉ አንድ አይደለም

ሦስተኛው ወጥመድ ኮርሶችን በአንድ ከረጢት መክተት ነው። በስብስቡ ውስጥ ኮርሶቹ ስማቸው ተሰውሮ በፊደል ብቻ ተለይተዋል። «ጂጂጂ» በተባለው የማኅበራዊ ሳይንስ ኮርስ ከተመዘገቡት 2,534 መካከል ያቋረጡት 292፣ ማለትም 11.5 በመቶ ናቸው። «ሲሲሲ» በተባለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ ኮርስ ግን ከ4,434 ምዝገባዎች 1,975 ተቋርጠዋል፤ ይህም 44.5 በመቶ ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሞዴል የተማሪውን ጠባይ ሳይመለከት፣ ኮርሱን በማወቅ ብቻ ጥሩ የሚመስል ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ከዚህም በላይ «ሲሲሲ» የተሰጠው በ2014 ብቻ ስለሆነ፣ በ2013 ዳታ የሠለጠነ ሞዴል ይህን ኮርስ ከዚያ በፊት አላየውም። ለአዲስ ኮርስ ከሌሎች ኮርሶች የተማረውን ማዋል ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ ለመፈተን ይህ ጥሩ አጋጣሚ ነው።

የኮርሶች ልዩነት በሌሎች ጥናቶችም ታይቷል። በኔዘርላንድ አይንድሆቨን የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በሙድል የተደገፉ 17 ኮርሶችንና 4,989 ተማሪዎችን የመረመረው እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ በአንድ ተቋም ውስጥ እንኳ የትንበያው ጥንካሬ ከኮርስ ወደ ኮርስ በእጅጉ እንደሚለያይ አሳይቷል። ጥናቱ የተከታታይ ምዘና ውጤት በእጅ ካለ የክሊክ መዝገብ የሚጨምረው ጥቂት መሆኑንም ገልጿል። በአውስትራሊያ አንድ ዩኒቨርሲቲ ዘጠኝ ኮርሶች ላይ የተካሄደው የጋሼቪችና የባልደረቦቹ ጥናትም ለሁሉም አንድ ዓይነት ሞዴል መጠቀም የየኮርሱን እውነታ እንደሚሸፍን አስረድቷል።

5. የትክክለኛነት መቶኛ የሚሸፍነው

ነጥቡን ግልጽ ለማድረግ አንድ መላምታዊ ምሳሌ እንውሰድ። 200 ተማሪዎች ያሉበት አንድ ኮርስ አለ እንበል፤ ከእነርሱ 30ዎቹ በመጨረሻ ይወድቃሉ። የመጀመሪያው ሞዴል 40 ተማሪዎችን «ሥጋት አለባቸው» ብሎ ይለያል፤ ከ40ዎቹ 20ዎቹ በእርግጥ የሚወድቁ ናቸው። ስለዚህ ሞዴሉ 20 ተማሪዎችን በትክክል ለይቷል፤ 20 ሰዎችን ያለ አግባብ ጠርጥሯል፤ 10 የሚወድቁ ተማሪዎች አምልጠውታል፤ የቀሩትን 150 በትክክል ደኅና ናቸው ብሏል። ትክክለኛነቱ ከ200 በ170ው፣ ማለትም 85 በመቶ ነው።

ሁለተኛው ሞዴል ምንም ዳታ አይመለከትም፤ ሁልጊዜ «ሁሉም ያልፋሉ» ይላል። የእርሱም ትክክለኛነት ከ200 በ170ው፣ 85 በመቶ ነው። በትክክለኛነት መቶኛ ሁለቱ እኩል ናቸው። አንዱ ግን ሊወድቁ ከነበሩት ከሦስቱ ሁለቱን ሲያገኝ፣ ሌላው አንድም አያገኝም።

ከዚህ ሁለት ትምህርቶች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ ማንኛውም ሞዴል ከቀላል መነሻ ጋር ሊወዳደር ይገባል። በኦፕን ዩኒቨርሲቲ ዳታ ያቋረጡት ከወጡ፣ «ሁሉም ያልፋሉ» የሚለው መነሻ ያለ ምንም ድካም 68.6 በመቶ ያስገኛል፤ 72 በመቶ ያመጣ ሞዴል የጨመረው ሦስት ነጥብ ተኩል ያህል ነው። ሁለተኛ፣ ከሚወድቁት መካከል ስንቶቹ ተለዩ፣ ከተለዩትስ መካከል ስንቶቹ በእርግጥ የሚወድቁ ነበሩ የሚሉት ሁለት መጠኖች ለየብቻ መቅረብ አለባቸው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያስጨንቅ የሚወስነው የድጋፉ ዓይነት ነው። ድጋፉ አጭር የስልክ ጥሪ ከሆነ ጥቂት የሐሰት ማንቂያ አይጎዳም፤ ተማሪውን ከኮርስ የሚያስወጣ ውሳኔ ከሆነ ግን አንድ የሐሰት ማንቂያም ከባድ ነው።

6. ክሊክ የምን መለኪያ ነው?

ክሊክ መገኘትን እንጂ መረዳትን አይለካም። አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ የከፈተ ተማሪ ትጉህ ሊሆን ይችላል፤ ግራ የተጋባም ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔቱ እየተቋረጠበት እንደገና የገባም ሊሆን ይችላል። በመዝገቡ ላይ ሦስቱ አይለያዩም።

ይህ ጥያቄ በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ሲነሣ ይበልጥ ይከብዳል። በብዙ ክፍሎች የተለመደው አሠራር የክፍል ተጠሪው ወይም አንድ ተማሪ የመማሪያ ጽሑፉን አውርዶ በቴሌግራም ቡድን ለሁሉም ማካፈል ነው። ሥርዓቱ የሚመዘግበው የአንድ ሰው ክሊክ ነው፤ ያነበቡት ግን አርባ ሊሆኑ ይችላሉ። በሞዴሉ ዓይን 39ኙ የሉም። እንዲሁም በዶርም የዋይፋይ አገልግሎት ያለው ተማሪና ለዳታ ጥቅል ከኪሱ የሚከፍል ተማሪ እኩል ቢያጠኑም እኩል አይመዘገቡም። እንዲህ ባለ ሁኔታ የክሊክ ቁጥር ከትጋት ይልቅ የግንኙነት አቅም መለኪያ ወደ መሆን ያዘነብላል፤ በእርሱ የሠለጠነ ሞዴልም አቅም ያነሳቸውን ተማሪዎች ደጋግሞ በሥጋት ዝርዝር ውስጥ ሊያስገባ ይችላል።

ስለዚህ በሀገር ውስጥ ዳታ የሚሠራ ተመራማሪ ወደ ሞዴል ከመሄዱ በፊት፣ ተማሪዎቹ ቁሳቁሱን በምን መንገድ እንደሚያገኙት በቃለ መጠይቅ ወይም በአጭር መጠይቅ ማጣራት ይኖርበታል። በተጨማሪም የስሕተቱን መጠን በጾታ፣ በመኖሪያ አካባቢና በመሣሪያ ዓይነት ከፋፍሎ ማሳየት ይገባዋል። አጠቃላይ ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ስሕተቱ በአንድ ወገን ላይ የተከመረ ሞዴል ፍትሐዊ ሊባል አይችልም።

7. ከትንበያ ወደ ድጋፍ

የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ «ኮርስ ሲግናልስ» ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2007 በሙከራ ደረጃ የተጀመረ ሲሆን፣ ለተማሪዎች በትራፊክ መብራት አምሳል ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ምልክት ያሳይ ነበር። ምልክቱ የሚሰላው ተማሪው እስካሁን ባገኘው ነጥብ፣ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲነጻጸር በሥርዓቱ ላይ በሚያሳየው እንቅስቃሴ፣ በቀድሞ የትምህርት ታሪኩና በግል መለያዎቹ ነው። አርኖልድና ፒስቲሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረቡት ጥናት፣ ሥርዓቱ የተዘረጋባቸውን ሁለትና ከዚያ በላይ ኮርሶች የወሰዱ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ መሆኑን ገለጹ። ውጤቱ በዘርፉ ከፍተኛ ተስፋን ቀሰቀሰ።

በዓመቱ ማይክል ኮልፊልድና አልፍሬድ ኤሳ ይህን ድምዳሜ በጥያቄ ውስጥ አስገቡት። መከራከሪያቸው ቀላል ነው። ሁለት ኮርስ ለመውሰድ ተማሪው በቅድሚያ በዩኒቨርሲቲው መቆየት አለበት፤ በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ያቋረጠ ተማሪ ሁለተኛውን ኮርስ የመውሰድ ዕድል የለውም። እንግዲህ ተማሪዎቹ የቆዩት ሥርዓቱን ስላገኙ ሳይሆን፣ ሥርዓቱን ደጋግመው ያገኙት ስለቆዩ ሊሆን ይችላል። ኤሳ ኮርሶቹ ምንም ተጽዕኖ በሌላቸው ሁኔታ በዘፈቀደ ቢመደቡ እንኳ ተመሳሳይ ልዩነት እንደሚታይ በኮምፒውተር ማስመሰያ አሳይቷል።

ከዚህ ክርክር የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ነው። «ሞዴሉ በትክክል ይተነብያል ወይ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ትንበያውን ተከትሎ የተሰጠው ድጋፍ ተማሪውን ጠቀመ ወይ?» የሚለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው ባለፈ ዳታ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛው ግን የንጽጽር ቡድን ያለው ጥናት ይፈልጋል፤ ማለትም ተመሳሳይ ሥጋት ካለባቸው ተማሪዎች ከፊሎቹ ድጋፉን ቀድመው፣ ከፊሎቹ ዘግይተው እንዲያገኙ ተደርጎ ልዩነቱ ሲለካ ነው።

8. የተማሪው መብት

የክሊክ መዝገብ የግል መረጃ ነው። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን መረጃ ለዚህ ዓላማ ስለሚጠቀምበት ሥነ ምግባራዊ አግባብ እ.ኤ.አ. በ2014 የራሱን ፖሊሲ አውጥቷል፤ ዳታውን ለተመራማሪዎች የለቀቀውም የተማሪዎቹን ማንነት ከሰወረ በኋላ ነው። በሀገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በመሆኑም ተመራማሪው ዳታውን ከተቋሙ የኮምፒውተር ክፍል ከመጠየቁ በፊት የሥነ ምግባር ፈቃድ ማግኘት፣ ስምና መለያ ቁጥርን መሰወር እንዲሁም ተማሪዎቹ መዝገባቸው ለምን ዓላማ እንደሚውል የሚያውቁበትን መንገድ ማመቻቸት ይጠበቅበታል። በሥጋት ዝርዝር ውስጥ የገባ ተማሪም ለምን እንደገባ የመጠየቅና የማስተካከል ዕድል ሊኖረው ይገባል። ቀለል ያሉና የሚብራሩ ሞዴሎች፣ ለምሳሌ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን፣ በጥቂት ነጥብ ቢበለጡም ተመራጭ ሊሆኑ የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው።

9. ማጠቃለያ

የኦንላይን አሻራ ስለ ተማሪው የሚናገረው ነገር አለ፤ ግን የሚናገረው በከፊል ነው። ከላይ የቀረበውን ትንተና መሠረት በማድረግ፣ በዚህ ርዕስ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ጥናቱን ከማስረከቡ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ቢመልስ ይመከራል።

ሀ) ትንበያው የተሰጠው በየትኛው ሳምንት ነው? ከዚያ ሳምንት በኋላ የተመዘገበ መረጃ በሞዴሉ ውስጥ አልገባምን?
ለ) አንድ ተማሪ በማሠልጠኛውም በመፈተኛውም ዳታ ውስጥ አልተገኘምን? ሞዴሉ በተከታዩ ዓመት ተማሪዎች ላይ ተፈትኗልን?
ሐ) ሞዴሉ ከቀላል መነሻና ከተከታታይ ምዘና ውጤት ብቻ ጋር ሲወዳደር ምን ጨመረ?
መ) ስሕተቱ በየኮርሱና በየተማሪ ወገኑ ተከፋፍሎ ቀርቧልን?
ሠ) ሥጋት ያለበት ተማሪ ሲለይ ማን፣ መቼ፣ ምን ያደርግለታል?

የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከሌለው የቀሩት አራቱ ትርጉማቸው ይሳሳል። በአራተኛው ሳምንት የአሥር ተማሪዎችን ስም ለመምህሩ የሚያደርስና መምህሩም ጠርቶ የሚያነጋግርበት ሞዴል፣ በትክክለኛነቱ መጠነኛ ቢሆንም፣ ፈተናው ካለፈ በኋላ 95 በመቶ ከሚያስመዘግብ ሞዴል ይልቅ ለተማሪው ይበልጥ ይጠቅመዋል።